ክቡር ነፋስ አዛዥ እና ሦስተኛው ማዞሪያ

የእህቴን ባል ሞት ዓርብ ጠዋት በስልክ ስሰማ እህቴን አስደገምኳት። ኮምፒውተሬ ይጮህ ነበር። "ጮክ በይ፣ አይሰማኝም" አልኳት። ጮክ ብላ ደገመችው። ጫማውን ሊያስር ደረጃው ላይ እንደተቀመጠ እዚያው ቀረ። እንዲህ ያለ ቃል ማንም ሰው ሁለት ጊዜ ሊናገር አይገባውም። ለዚህም ቢሆን የምወቅሰው ሟቹን ነው። የኮምፒውተሬ ማራገቢያዎች አለቃ እሱ ነበርና።

በየቤተሰቡ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አለ፤ ደህና የሚሠራ ዕቃ ሲያይ እጁን የሚበላው። የለንም የሚል ቤተሰብ ካለ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ሰውየው ገና ጡረታ አልወጣም። የእኛው ሠላሳ ዓመት በአንድ ፋብሪካ የአየር ማስወጫ ማራገቢያዎችን ሲጠግን ኖሮ ተሰናበተ። ፋብሪካው ተገላገለ፣ እኛ ተያዝን። ቤተሰቡም "ክቡር ነፋስ አዛዥ" ብሎ ሾመው። ሹመቱ ቀልድ መሆኑን ከእሱ በቀር ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አንድ ቀን እህቴን ጥርስ ሐኪም ዘንድ አደረሳት። ሌላው ሰው ተራውን ሲጠብቅ፣ ክቡርነታቸው በእንግዳ ተቀባይዋ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክከው የካቻቢቴያቸውን እጀታ ጆሮአቸው ላይ፣ ጫፉን የኮምፒውተሩ ሳጥን ላይ ደቅነው ተገኙ።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አለች ልጅቷ።

"ዝም በይ ልጄ፣ እየሰማሁት ነው። ይሄ ምስኪን ታፍኗል።"

ከሳጥኑ ውስጥ ድንቢጥ የሚያህል አቧራ ጎትቶ አወጣ። ሐኪሙ ድንገት ብቅ ብሎ ወለል ላይ ሲያየው ከሕመም ብዛት የወደቀ መስሎት "እኚህን ሰውዬ አስቀድሟቸው" አለ። እህቴ ወረፋዋን የተነጠቀችው በገዛ ባሏ ነው።

ወደ እኔ ቤት የገባው በራሴ አፍ ነው። ባለቤቴ ካረፈች አንድ ወር ሆኖ ነበር። ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲመለስ እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ለማተሚያ ቤቶች የመጽሐፍ ገጽ አቀናጃለሁ። እሱ ሊጠይቀኝ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፣ ወሬ የለንም። የምለው ባጣ "ይሄ ማሽን ይጮሃል" አልኩ። በማግስቱ አራት ማዞሪያ ያለበት ትንሽ ሰሌዳ ይዞ መጣ፤ እያንዳንዱ ማዞሪያ የአንድ ማራገቢያ ፍጥነት የሚጨምርና የሚቀንስ ነው። ፈቃድ ሳይጠይቅ ሳጥኑን ከፈተው።

"አየር እንግዳ ነው" አለኝ። "በፊት በር ይቀበሉታል፣ በጓሮ ይሸኙታል። አንተ ቤት ግን ሁሉም ተቀባይ ነው፣ ሸኚ የለም።"

"ሁሉንም እኩል ቀስ አድርጋቸውና እንገላገል።"

"እኩል ከዞሩ ይፎካከራሉ። ዉ... ዉ... ዉ... ይላሉ። ሰማህ?"

"አልሰማሁም።"

"እኔን ያመጣኝ ምን ሆነና!"

የመጀመሪያው ማዞሪያ ለፊተኛው ማራገቢያ፣ ሁለተኛው ለላይኛው፣ ሦስተኛው ለኋለኛው ተመደበ። ለእያንዳንዱ ልኩን አገኘና አጠገቡ በእርሳስ መስመር አሰመረ። ኮምፒውተሩ ጸጥ አለ። የግድግዳ ሰዓቱ ሲቆጥር እስኪሰማኝ ድረስ ጸጥ አለ።

በዚህ ያበቃ መሰላችሁ? በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣ። ሦስተኛው ማዞሪያ ከእርሳሱ መስመር ርቆ፣ የኋለኛው ማራገቢያ ያጓራል። መነጽሩን አደረገ፣ አጎነበሰ፣ እንደ ዳኛ ተነሣ።

"ንዝረት!" አለ። "ንዝረት ቀስ በቀስ ማዞሪያውን ይወስደዋል።"

ወደ መስመሩ መለሰው፣ ሻይ ጠጣ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጠ። በሌላው ቅዳሜም ንዝረት። በሌላውም ንዝረት። እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ተኩል! በዚህ መካከል ያላዘዘኝ ነገር የለም። አየር እንዲያገኝ ብሎ ጠረጴዛዬን ከግድግዳው አንድ ክንድ አስለቀቀኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ በተነሣሁ ቁጥር ክርኔን ቁም ሣጥኑ ይመታኛል። አንድ ቀን መረረኝና፣

"የዘመኑ ኮምፒውተር እኮ ራሱ ሙቀቱን ለክቶ ፍጥነቱን ይወስናል ይላሉ" አልኩት።

"ይላሉ! ማሽን ሲሞቀው ያውቃል እንበል፤ ሰው ሲሰለቸው ያውቃል? ይልቅ ሻይዋን ድገመኝ፣ ዋርሳ።"

በመጨረሻው ቅዳሜ አዲስ ማራገቢያ ገዝቶ መጣ። አራተኛው ማዞሪያ ምንም ያልተያያዘበት መሆኑ ሲከነክነው ኖሯል። "ሥራ የሌለው ማዞሪያ አልወድም፤ ሥራ የሌለው ጡረተኛ ይበቃል" አለ።

"እንግዲያው ዛሬ ግጠመዋ።"

"ዛሬ ንዝረቱ ጊዜዬን በላው። ለቅዳሜ ይደር።"

ለቅሶው ቤት ከእህቴ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ሰዉ ትንሽ ቀለል ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ያ ማሽንህ አሁንም ይጮሃል?"

"ይጮሃል።"

"እና ለምን አትቀንሰውም? የምትጨምረው አንተ!"

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

"ያልታወቀብህ መስሎህ ነበር እንዴ?"

"ንዝረት ነው ይል ነበር እኮ።"

"አንተ ልጅ!" አለች፤ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። "ሠላሳ ዓመት ከንዝረት ጋር የኖረ ሰው ይሄን ያምናል? ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመለስ 'ወንድምሽ ዛሬም አዙሮታል፤ እንግዲህ ለሚቀጥለውም እሄዳለሁ' ይለኝ ነበር። እንዳልነግርህ አስምሎኝ።"

አዎ፣ እኔ ነኝ። ዓርብ ዓርብ ጠዋት ሦስተኛውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አዞረው ነበር። ያን ዓርብም አዙሬው ገና ወንበሬ ላይ ሳልደላደል ነው እህቴ የደወለችው።

እና አልናደድ? ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ እያታለልኩት የኖርኩ መስሎኝ ሲያታልለኝ ኖረ! ያውም መነጽር አድርጎ፣ ተንበርክኮ፣ ጉልበቱን እያመመው። አንድ ቀን እንኳ ፈገግ ብሎ ቢሆን እነቃበት ነበር።

ቤቴ ስገባ ሦስተኛውን ማዞሪያ ወደ እርሳሱ መስመር መለስኩት። ሰዓቱ ይሰማል። አዲሱ ማራገቢያ ከነካርቶኑ መደርደሪያው ላይ ነው፤ አራት ብሎኖቹን በወረቀት ጠቅልሎ አብሮ አስቀምጧቸዋል። አልተገጠመም።