ጋሼ ልናገርልሽ እና ሰማያዊው ፎርም

«እኔ ልናገርልሽ» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አለ ከተባለም ሰው ገና ያልገባበት ሰፈር ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ሌላው አፉን ሊከፍት ሲል ቀድሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሐኪም ቤት የሌላውን ሕመም ያስረዳል፤ ሱቅ የሌላውን ሽንኩርት ያዛል፤ ፍርድ ቤት ቢገባ የሌላውን ጸጸት አሳምሮ ይገልጻል።

የእኛ ሰፈሩን ክቡር ሰው «ጋሼ ልናገርልሽ» እንላቸው ነበር፤ ከጀርባቸው ማለቴ ነው፣ ፊት ለፊት ጋሼ ብቻ ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ናቸው። ኮታቸውን በሙቀትም በብርድም እስከ አንገታቸው ይቆልፉታል። የሰው ጉዳይ ሲጨርሱ ደግሞ ሰዓታቸውን አይተው «ልሂድ፣ ስልክ እጠብቃለሁ» ይሉና ብድግ ይላሉ። ብዙ የሚፈለጉ ሰው ይመስሉኝ ነበር።

እኔ ደግሞ ለእንደ እሳቸው ዓይነት ሰው የተፈጠርኩ ነኝ። ልብስ እሰፋለሁ፤ ከመርፌ ጋር ብዙ መነጋገር አያስፈልግም። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይታሰራል። ፊደል የቆጠርኩትም ካደግኩ በኋላ ስለሆነ፣ ዛሬም በጣቴ ካልተከተልኩ መስመሩ ይጠፋኛል። ይህንንም የምጽፈው እየሰረዝኩ ነው።

አንድ ጊዜ ጥርሴን አመመኝና አብረውኝ ሐኪም ቤት ሄዱ። «ግራዋን ነው» አሉት ሐኪሙን። የታመመው ቀኙ ነበር። ሐኪሙ ግራውን በብረቱ መታ መታ ሲያደርገው ዝም አልኩ፤ አላመመኝማ። «አየህ፣ ታጋሽ ናት» አሉት። ጉጠቱን ሲያነሳ ነው በጣቴ ወደ ቀኙ ያሳየሁት። ጋሼ ቅንጣት ሳይደነግጡ «ተዛምቷል ማለት ነው» አሉ።

ሌላ ቀን ሱቅ ቆሜ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ለማለት ሳመነታ ደረሱ። «ሦስት ኪሎ መዝንላት፤ አፍራ ነው እንጂ ቤቷ ሰው አለ» አሉ። ቤቴ ያለው ሰው እናቴ ናት፤ እሷ ደግሞ ሽንኩርት አይስማማትም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ስንኖር፣ የቤቱ ባለቤት ልጄ ሊገባበት ነው ብሎ ልቀቁ አለን። ሁለት አውቶቡስ ተይዞ የሚደረስበት ሰፈር ቤት አገኘን። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ዕቃው አልነበረም፤ ስልኩ ነው።

ወንድሜ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነው። መርከቡ ወደብ ሲነካ ይደውላል፤ በሁለት ወርም ይሁን በአራት። እኛ የምንደውልበት ቁጥር የለውም፤ መርከብም ይቀያይራል፤ በጽሑፉ በኩልም ከኔ አይሻልም። በቃሉ የሚያውቃት አንዲት ቁጥር ብቻ ናት፣ የቤታችን። እሷ ከጠፋች የማናውቀው ሰው ያነሳና «ተሳስተሃል» ይለዋል፤ በቃ። እናቴ ስለ አዲሱ ቤት መስኮቱንም ጣሪያውንም አልጠየቀችኝም። «ቁጥሩ ይከተለናል?» ብቻ ነው ያለችው።

«ስልክ ማዛወር?» አሉ ጋሼ። «የስልክ መሥሪያ ቤቱን ውስጥ ውስጡን አውቀዋለሁ። እኔ ልናገርልሽ።»

የልብስ አቆራረጥ የማይበት ኢንተርኔት የሚመጣባትን ሳጥንም ነቅለው በብርድ ልብስ ጠቀለሏት። «ሊያዩዋት ይፈልጋሉ። ደግሞ ብርድ ከመታት ትረሳለች» አሉኝ። ምን እንደምትረሳ አልጠየቅኩም። እንደ ሕፃን አቅፈዋት ስለነበር አውቶቡስ ላይ አንዲት ሴት ቦታ ለቀቀችላቸው፤ ተቀመጡ፣ አመሰገኑ፣ ምንም አላስተባበሉም።

መሥሪያ ቤቱ ደርሰን የተራ ቁጥር ወሰድን። ጋሼ ፎርም ከተደረደረበት መደርደሪያ ሳያመነቱ ሰማያዊውን መዘዙ። «ነጩ ለማያውቅ ሰው ነው። ጉዳይ የሚያልቀው በሰማያዊው ነው» አሉ። ጽሕፈታቸው ያምራል፤ ስሜን ሳየው የሌላ ሰው መሰለኝ። ምክንያት በሚለው ቦታ «ቤት በመልቀቅ» ብለው ጻፉ። ፈረምኩ።

ተራችን እስኪደርስ እሳቸው ለተሰለፈው ሁሉ ምክር ማደል ጀመሩ። እኔ የሰው ዓይን ስለምፈራ ፎርሙ ላይ አቀረቀርኩ፤ ካቀረቀርኩ አይቀር ብዬም ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ፈጣን አንባቢ ርዕስ ይዘላል፤ የእኔ ቢጤ ግን የሚዘለውን ስለማያውቅ ሁሉንም ያነባል። ሦስት ሰው ተጠርቶ እስኪስተናገድ የመጀመሪያዋን መስመር ጨረስኩ። «የአገልግሎት ማቋረጫ መጠየቂያ» ትላለች። በጣቴ ደገምኳት። ያው ናት።

ልነግራቸው ስል ተራችን ተጠራ። ጋሼ ፎርሙን ከእጄ ወስደው መስኮቱ ጋ ደርሰዋል። «እኔ ልናገርላት» ብለው ስለ ቤቱ ባለቤት፣ ስለ እናቴ ጉልበት፣ ስለ ሳጥኗ ብርድ አለመውደድ ያስረዱ ጀመር። ሠራተኛዋ ማኅተሙን አነሳች።

«ቁጥሩ ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል። ይሁን?»

«ይሁን፣ ይሁን። ሥርዓት ነው» አሉ ጋሼ፤ ሳጥኗን እየፈቱ ስለነበር አልሰሟትም።

«አይሁን።»

ሠራተኛዋ ቀና ብላ «ማን ነው?» አለች። እኔም ማን ነው ብዬ ዞር ልል ምንም አልቀረኝም።

«እኔ ነኝ። የኔ ነው ስልኩ። ማዛወር ነው የፈለግነው። ወንድሜ የሚያውቀው ይህንን ቁጥር ነው፤ ሌላ አያውቅም።»

ማኅተሙን አስቀመጠችው። ፎርሙን አየችው፤ ጋሼን አየቻቸው፤ ድምፅዋም ለስለስ አለ። «አባባ፣ ለማዛወር ነጩ ነው። ይሄ እኮ ባለፈው ዓመት የራስዎን ስልክ ያስቋረጡበት ነው።»

ጋሼ ብርድ ልብሱን መልሰው ጠቀለሉት።

«የሚደውል ከሌለ…» አሉና አልጨረሱትም።

«ስልክ እጠብቃለሁ» የሚሏት ነገር ትዝ አለችኝ። ዓመት ሙሉ ከወሬ መሃል እየተነሱ የሚሄዱት ወደ ተቋረጠ ስልክ ኖሯል። ሄጄ ነጩን ፎርም አመጣሁ። እሳቸው እየጻፉ እኔ እያንዳንዷን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። በኔ ምክንያት ብዙ ቆየን፤ አላጉረመረሙም።

በአሥረኛው ቀን አዲሱ ቤት ባለሙያ መጥቶ መስመሩን ቀጠለ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። እናቴ ዱላዋን ጥላ ሮጠች። «ልጄ» አለች።

«እኔ ነኝ እትዬ፤ ከባለሱቁ ስልክ ነው። መስመሩን ልፈትሽላችሁ ብዬ ነው» አሉ ጋሼ።

በማግስቱም ፈተሹ፤ በሦስተኛውም ቀን። እናቴ መጀመሪያ ትበሳጭ ነበር፤ በሳምንቱ ግን ሰዓቱ ሲደርስ በርጩማዋን ስልኩ አጠገብ አስጠግታ ትጠብቃቸው ጀመር። መስመር ለመፈተሽ ያን ያህል መሳቅ እንደሚያስፈልግ አላውቅም ነበር።

በወሩ መጨረሻ ወንድሜ ደወለ። እናቴ ማልቀሷን ስትጨርስ ተቀበልኳት።

«ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር» አለኝ፤ «ሁልጊዜ ተይዟል ይላል። ከማን ጋር ነው እንዲህ የምታወሩት?»

በማግስቱ ሁለት አውቶቡስ ይዤ ወደ ድሮው ሰፈር ሄድኩ። «ጋሼ፣ መሥሪያ ቤት ጉዳይ አለኝ» አልኳቸው። ጠይቀው ሳይጨርሱ ኮታቸውን ቆልፈው ወጡ። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀደም ብዬ የሞላሁትን ፎርም ከቦርሳዬ አውጥቼ ለሠራተኛዋ ሰጠኋት። ፊደሎቹ ጠማማ ናቸው፤ ስማቸውን ሁለት ጊዜ ሰርዣለሁ።

«እኔ ልናገርላቸው» አልኳት። «ስልካቸው ይቀጠልላቸው። የሚደውል አለ።»

ጋሼ ፎርሙን ስጪኝ ብለው ተቀበሏት። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከርዕሱ ጀምረው በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ታች አነበቡት፤ ቀስ ብለው። ከዚያ ኮታቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰማያዊው ቢሆን ያምር ነበር» አሉኝ።

አሁን እኛ ቤት ስልኩ ከበፊቱ የባሰ ይያዛል። ወንድሜ ይታገሠን።