የሲስተር አርብና የእትዬ ዘነበች ማክሰኞ

ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ታሪኩ ሲነገር ከድንጋይ ሕንፃ የሚጀምር ተቋም የለም። ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ ትምህርት ቤቱም አንድ ጊዜ ዛፍ ሥር ነበርኩ ይላል። ዛፍ ከሌለው ዛፍ ይፈለግለታል። እኔ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ጥግ ላይ የተማርኩበት የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ኮሌጅ ግን ዛፍ አላስፈለገውም፤ እውነተኛ ቆርቆሮ ቤት ነበረው። ቤቱ ያኔም አልፈረሰም። አትክልተኛው አካፋውን ያስቀምጥበታል፣ አዲስ ተማሪ ደግሞ በገባ ቀን እንደ ቅርስ ይጎበኘዋል።

ታሪኩን የሚተርኩልን ዳይሬክተሩ ፋዘር ካማው ናቸው። ከባሕር ማዶ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሚሲዮናዊ በዚያ ቆርቆሮ ሥር የሰበካውን ልጃገረዶች ስፌት ማስተማር ጀመሩ። ልጃገረዶቹ ስፌቱን ሲችሉት ታይፕ ተጨመረ። ታይፕ ሲጨመር ወንዶች መጡ። ወንዶች ሲመጡ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት አስፈለገ፤ ለምን እንደሆነ ፋዘር አይናገሩም። አንድ ቀን ጳጳሱ መጥተው ባረኩና «ኮሌጅ» አሉት። ከዚያ ወዲህማ ማን ይቻለው! የማኅበረሰብ ልማቱ፣ የምክር አገልግሎቱ፣ ኮምፒውተሩ፣ የምግብ ዝግጅቱ ተከታትሎ ገባ። ተማሪውም እንዲሁ፤ ካቶሊኩ፣ ጴንጤው፣ ከኢስትሊ የሚመጣው ሶማሌ፣ እኛ ኦርቶዶክሶቹም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ፋዘር ይህን ሁሉ በየዝግጅቱ ይተርኩታል፣ ያውም ከምሳ በፊት። ከምሳ በፊት የሚተረክ ታሪክ እንዴት እንደሚረዝም፣ የራባችሁ ታውቁታላችሁ።

እኔ የማወጋችሁ ግን ፋዘር የማይተርኩትን ነው።

እትዬ ዘነበች ሐበሻው በሚበዛበት ኢስትሊ ሰፈር በሰው ወጥ ቤት ሲያበስሉ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሴት ናቸው። መስኮት የሌለው ምድር ቤት ውስጥ ስለሚሠሩ፣ ዝናብ መጣል አለመጣሉን የሚያውቁት ከደንበኛው ጫማ ነበር። ታዲያ ኪሊማኒ የሚባል ሰፈር ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ እጃቸውን ወደደና የወጥ ቤቱ ኃላፊ ላድርግዎት አላቸው፣ የኮሌጅ ሰርተፊኬት ካመጡ ማለት ነው። ወጥ ቤቱ ሁለት ትልልቅ መስኮቶች አሉት። እትዬ ዘነበች ስለ ደመወዙ አንድም ቀን ሲያወሩ አልሰማሁም፤ ስለ መስኮቶቹ ግን ጆሮዬ እስኪደነቁር ነግረውኛል። በሃምሳ ዓመታቸው ደብተር ገዝተው ምግብ ዝግጅት ገቡ። እኔ ኢስትሊ ጨርቅ እየሸጥኩ እዚያው ሒሳብ አያያዝ እማር ስለነበር፣ በሄዱበት ሁሉ አስተርጓሚያቸው ሆንኩ። ስዋሂሊ ጠፍቷቸው እንዳይመስላችሁ። የሳቸው ስዋሂሊ የገበያ ነው፤ ለመከራከር እንጂ ለመለመን አይመችም።

የመጨረሻው የተግባር ፈተና የካቶሊኮቹ ጾም ላይ ወደቀ። የኛም ሁዳዴ ገብቷል። የፈተናው ምግብ የምስር ሾርባና አትክልት ስለነበር ለክፉ አይሰጥም ነበር፤ ችግሩ ፈተናው ጠዋት መሆኑ ነው። እትዬ ዘነበች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም። የኮሌጁ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ በትልልቁ «ቅመስ፣ አስተካክል፣ ደግመህ ቅመስ» ተብሎ ተጽፏል፤ ያልቀመሰ ይወድቃል። ስለዚህ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ፐርፔቱዋ ዘንድ ሄደን ከፋሲካ በኋላ ይሁንልን ብለን ለመንን። (መነኩሲትን «አንቺ» የምላት ንቄ አይደለም፤ በስዋሂሊ ስናወራ አንቱታው አይመቸንም።) ሲስተር ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንዲህ ያለ ጾመኛ ከየት ይገኛል!» ብላ ፈተናውን ለክፍሉ በሙሉ አዛወረችው። ደስ ያለን ደስታ!

የካቶሊኮቹ ፋሲካ አለፈ። በማግስቱ አዲሱ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ፈተናው የፊታችን ሐሙስ ነው። ሲስተር ጾሙ ስለተፈታ ተማሪዎቿን ልታስደስት አስባ ምግቡንም ቀይራዋለች። ክሬም ሾርባ፣ የዶሮ ጥብስ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚሠራ ጣፋጭ።

ለኛ ፋሲካ ገና አንድ ወር ይቀረዋል።

ወይ ጉድ! እንግዲህ ማንን ትወቅሳላችሁ? የነሱ ፋሲካ አብዛኛውን ዓመት ከኛ እንደሚቀድም ኢስትሊ ውስጥ የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ እነሱ ዶሮ ሲበሉ እኛ ሽሮ ላይ ነን። ግን «ከፋሲካ በኋላ» ስንል በልባችን የነበረው የኛው ፋሲካ ብቻ ነው። ሲስተርም እንደዚያው። ምስሩን ለምነን በክሬም አስለወጥነው!

ተመልሰን ሄድን። ሲስተር ስትሰማ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። «ታዲያ ጌታ ለኛ ተነስቶ ለእናንተ እስካሁን አልተነሳም?» አለች። እኔም ሌላ ምን ልበል፣ «ለኛ ቀስ ብሎ ነው» አልኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። ፈታኙ ከሞምባሳ ተጠርተው መንገድ ጀምረዋል፤ ሁለተኛ ማዛወር አይቻልም። የሚቀጥለው ፈተና ለከርሞ ነው፣ የኪሊማኒው ማረፊያ ደግሞ እስከ ከርሞ አይጠብቅም።

«እትዬ፣ እግዜር ያይልዎታል፤ በማንኪያ ጫፍ ብቻ» አልኳቸው ስንወጣ።

«አንተ ልጅ፣ እግዜርን በማንኪያ ጫፍ ልሸነግለው ነው? መስኮቱ ይቅርብኝ!» አሉና ወደ ማታቱው፣ ወደ ሚኒባስ ታክሲው ማለቴ ነው፣ ገቡ። ያ ሰሞን ማታቱ ውስጥ ቀበቶ ማሰር ግዴታ የሆነበት ነው፤ ቀበቶውን አስረው የማታቱውን መስኮት ያዩ ጀመር። አንጀቴን በሉት።

ሐሙስ ደረሰ፤ እትዬ ዘነበችም «ሳልቀምስ ሠርቼ ልውደቅ» ብለው መጡ። ፈታኙ፣ ሙዜ ሳሊም (ሙዜ አባባ እንደማለት ነው)፣ በባሕር ዳር ሆቴሎች ሲያበስሉ የሸበቱ ሙስሊም ናቸው። እኔ በአስተርጓሚ ስም በር ላይ ተገትሬያለሁ። ሙዜ ሳሊም ከምድጃ ምድጃ እየዞሩ እትዬ ዘነበች ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ማማ፣ ማንኪያሽ ደረቅ ነው» አሏቸው። ሲስተር እየተንተባተበች የሁለቱን ፋሲካ ጉዳይ አስረዳች። ሽማግሌው ጢማቸውን እያሻሹ አዳመጡ።

«የሆቴል እንግዳ ረመዳን አያውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ጾመኛ ወጥ ሠሪ ስንት ዓመት ሆኜ ኖሬያለሁ። ምላስ ተዋሺ። ግን የሚቀምስልሽ ሰው ጥሩ ነው ማለት አይችልም፤ የጎደለውን ብቻ ይናገር።»

የቅርቧ ምላስ የጎረቤት ምድጃዋ ተማሪ ዋንጂኩ ናት። እንግዲህ ዋንጂኩ ማለት ካፏ ክፉ የማይወጣ ልጅ ናት፤ የትናንቱን ዳቦም፣ ውሃ የሆነውንም ሻይ «ታሙ ሳና»፣ በጣም ይጣፍጣል ነው የምትለው። ሾርባውን ቀመሰችና «ታሙ ሳና!» አለች።

«እሱን አልጠየቅኩሽም» አሉ ሙዜ ሳሊም።

ዋንጂኩ ዓይኗን ጨፈነች። ላብ አጠመቃት። እትዬ ዘነበች አፏን አፏን ያያሉ። ወጥ ቤቱ በሙሉ ማማሰሉን አቁሞ እሷን ይጠብቃል። «ጨው» አለች በሹክሹክታ። «ትንሽ ጨው። ይቅርታ፣ ማማ።» ከዚያማ አንዴ ከተከፈተች ማን ይዝጋት! ዶሮው ሎሚ ይፈልጋል፣ ጣፋጩ ስኳር አንሶታል። እትዬ ዘነበችም ሳይከራከሩ እሺ፣ እሺ እያሉ ጨመሩ። እኔ እሺ ሲሉ ስሰማቸው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ምረቃው ለኛ ፋሲካ ተከታይ አርብ ዋለ። እትዬ ዘነበች በጥሩ ውጤት አልፈዋል! ሰርተፊኬቱን ሲቀበሉ እልልታቸውን አቀለጡት፣ ኬንያውያኑም ተከትለው አቀለጡት። ለመምህራኑ ደግሞ በትልቅ ድስት ዶሮ ወጥ ይዘው መጥተዋል፤ በበዓለ ሃምሳ አርብም ቢሆን ለኛ ፍስክ ነው። ፋዘር ካማው ሽታው ቢደርሳቸው የኮሌጁን ታሪክ ከቆርቆሮው ቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ አሻገሩት። እትዬ ዘነበች በገዛ እጃቸው ትልቁን ብልት ለሲስተር አወጡላት። ሲስተር ሳህኑን ለአፍታ አየች። ከዚያ አማተበች፣ በላች፣ ጣቷን እየላሰች ደገመች።

ስንወጣ ዋንጂኩ ተከትላን መጣች። አሁን የጎደለ መናገር ለምዶባታል። «ማማ፣ ሲስተር ከመነኮሰች ጀምሮ አርብ ቀን ሥጋ በልታ አታውቅም» አለች።

እትዬ ዘነበች ክው አሉ። ማታቱ ውስጥ እንደተቀመጡ፣ «እኔ ለሷ ብዬ ማንኪያ አልነካሁም፤ እሷ ለኔ ብላ ሳህን ሙሉ ዶሮ በላች» አሉ። «አንድ ቀን ልጾምላት ይገባል። አርቧን እከፍላታለሁ።»

መክፈያው ግን ከየት ይምጣ? ጣታቸውን እያጠፉ መቁጠር ጀመሩ። በዓለ ሃምሳ መጾም ክልክል ነው። ከዚያ የሐዋርያት ጾም ይገባል፤ እሱ የራሱ ነው። ረቡዕና አርብ ድሮም የተያዙ ናቸው። ቅዳሜና እሑድ አይጾምም። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ነው። እኚህ ሴት ጾም ሲያበዙ ኖረው ለሰው የሚሰጡት አንድ ባዶ ቀን አጡ! ፓንጋኒ ሰፈር ስንደርስ ግን «አገኘሁ!» ብለው ጮኹ፤ ሾፌሩ ሁሉ ደነገጠ። «ሐምሌ ውስጥ፣ ማክሰኞ!»

ያን ማክሰኞ እኔ ኪሊማኒ፣ በእትዬ ዘነበች አዲስ ወጥ ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ የጠረጴዛ ልብስ ላደርስ ሄጄ። መስኮቶቹ ተከፍተዋል። እትዬ ጾማቸውን ይዘው ሽር ጉድ ይላሉ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲስተር ፐርፔቱዋ አቧራ ለብሳ፣ በረሃብ ዝላ በሩ ላይ ብቅ አለች። ተማሪዎቿ ልምምድ የሚወጡበት ቦታ ስትፈልግ ውላ ነው። ምግብ ሲቀርብላት እጇን ሰበሰበች። «ማማ፣ ብቻዬንማ አልበላም። ዛሬ እንኳ ከኔ ጋር ብዪ፤ ጠይቄ ነው የመጣሁት፣ ማክሰኞ ጾም የላችሁም!»

ልነግራት አፌን ስከፍት እትዬ ዘነበች እግሬን ረገጡኝ። እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ፤ ቆርሰው መጀመሪያ ሲስተርን አጎረሱ፣ ቀጥለው ራሳቸው ጎረሱ። እኔ አፌን ከፍቼ አያቸዋለሁ።

«ምን ታፈጥብኛለህ?» አሉኝ እያላመጡ። «የሷ ማክሰኞ አይደል? እሷው ትብላው።»