መሰርሰሪያው እስኪመጣ

[ሐኪም ቤት። ቧንቧ ሠራተኛው በሁለቱም ክንዶቹ ቱቦ ተሰክቶለት፣ ከጎኑ ከቆመው ማሽን ጋር ተገናኝቶ ተጋድሟል። ዳቦ ጋጋሪው ታናሽ ወንድሙ እግሩ ሥር ተቀምጧል። እህታቸው የደም ካንሰር ይዟት ማዶ ክፍል ተኝታለች። ለእሷ የሚስማማው የታላቅየው መቅኒ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል።]

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ልጅ ሆኜ ጉድጓድ ገብቼ፣ አንገቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ አድሬ አላለቀስኩም! አሁን ለመርፌ ላለቅስ?

ዳቦ ጋጋሪው፦ ጋሼ፣ ጉንጭህ ርሷል እኮ።

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ላብ ነው።

ዳቦ ጋጋሪው፦ ከዓይን የሚወጣ ላብ?

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ግፊት ሲበዛ ባገኘው ቀዳዳ ይወጣል። አንተ ከሊጥ ሌላ ምን ታውቃለህ!

ዳቦ ጋጋሪው፦ እሺ። ግን ነርሷ ምን አለች መሰለህ፣ ይሄ ማሽን...

ቧንቧ ሠራተኛው፦ አውቃለሁ! መስመሩን እያጠበ ነው። ከጥገና በፊት መስመር ይታጠባል። ዋናው ሥራ ገና ነው፤ መሰርሰሪያ አምጥተው አጥንቴን ይበሱታል።

ዳቦ ጋጋሪው፦ [ብድግ ይላል] መሰርሰሪያ? ኧረ እንዲህ አላለችም! ደሙ ባንዱ ክንድህ ይወጣል፤ ማሽኑ ስቴም ሴል የሚሉትን ያስቀራል፤ የተረፈው በሌላው ክንድህ ይመለሳል ነው ያለችው። እንደ እርሾ በለው። ቀዩም ነጩም ደም የሚወጣው ከእሱ ነው።

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ደም የሚሠራው ልብ ነው። ፓምፑ እሱ አይደል?

ዳቦ ጋጋሪው፦ ፓምፕ ውሃ ይሠራል እንዴ?

ቧንቧ ሠራተኛው፦ [ይህን ጥያቄ ደንበኛ ጠይቆት ቢሆን ኖሮ በሳቅ በሞተ ነበር።] አታቋርጠኝ!

ዳቦ ጋጋሪው፦ ደም የሚሠራው መቅኒ ነው አለች። የእታለም መቅኒ መጥፎ ሊጥ ወጣው፤ ኩፍ ማለት እንጂ መብሰል የማያውቅ። ደህናውን ቦታ ነሣው። በመድኃኒት ጠራርገው አወጡት። አሁን ቡሃቃው ባዶ ነው። ያንተ እርሾ ካልገባበት...

ቧንቧ ሠራተኛው፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] እሱን እንኳ አውቃለሁ። ለዚህ አይደል የተጋደምኩት።

ዳቦ ጋጋሪው፦ ግን ጋሼ፣ ያንተ ከገባባት እሷም እንዳንተ ልታንኮራፋ ነው?

ቧንቧ ሠራተኛው፦ አፍንጫዬን ሰጠኋት እንዴ፣ አንተ ደነዝ! ይልቅ ስማኝ። ተሰርስሬ ካልተነሣሁ ትልቁን የቧንቧ መፍቻ ውረስ።

ዳቦ ጋጋሪው፦ ዳቦ ቤት ምን ላደርግበት?

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ይዘኸው ታለቅሳለሃ!

[በሩ ይከፈታል። ቧንቧ ሠራተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ጥርሱን ይነክሳል።]

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ነይ ልጄ፣ ዝግጁ ነኝ። በየት በኩል ነው የምትበሺው? በወገቤ?

ነርሷ፦ የምን መብሳት አባባ? አልቋል እኮ። [ቱቦውን ትነቅልና ከማሽኑ ላይ ቀይ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ታወርዳለች።] ይኸው፣ ለእህትዎ ይዤው ልሂድ። [ትወጣለች]

ቧንቧ ሠራተኛው፦ [አንድ ዓይኑን ገልጦ] አልቋል? መሰርሰሪያውስ?

ዳቦ ጋጋሪው፦ ድሮም የለም። ልነግርህ ስል አውቃለሁ አልከኝ።

ቧንቧ ሠራተኛው፦ እስካሁን በሞኝነቴ ስትስቅ ነበራ!

ዳቦ ጋጋሪው፦ ሞኝስ ነህ ጋሼ። እኔ መሰርሰሪያ ይመጣል ብዬ ባምን፣ ይሄኔ ቱቦውን በጥሼ አስፋልት ላይ ነበርኩ። ይህን ሁሉ ሰዓት እየጠበቅከው ተኛህ?

ቧንቧ ሠራተኛው፦ [ቀና ብሎ እጅጌውን እያወረደ] ዕውቀቱ ይቅርብኝ። ቁም ነገሩ ተነሥቼ አለመሸሼ ነው። [ወደ በሩ ያያል] ለእሷ ግን፣ ተሰርስሯል በላት።