የዓርቡ ከረሜላ

የተማረ ሰው ክፉ አመሉ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ሲጠይቁት መመለሱ ነው እላለሁ። ያልተማረው «እንጃ» ብሎ በሰላም ቤቱ ይገባል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ አስረሳኝ።

በደርግ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ለትምህርት ወደ ውጭ ለመሄድ ታጭቼ፣ የቀረኝ የካድሬው የጓድ ታደሰ ድጋፍ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ «በአገር ጥሬ ዕቃ አንድ ነገር ሠርተህ ለሕዝብ አሳይና እደግፍሃለሁ» አለኝ። ስኳር በቀበሌ የሚታደልበት፣ ልጆች ከረሜላን በወሬ የሚያውቁበት ዘመን ነው። ማንጎው ግን ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል። እንግዲህ ምን ልሥራ? ከረሜላ! ያውም ደረቁን አይደለም፤ ሲነክሱት እንደ ጎማ የሚለጠጠውን።

ማንጎውን ጨምቄ አጠለልኩ፤ የወር ስኳሬን አንዲት ፍሬ ሳላስቀር ገለበጥኩበት። ጭማቂውን ያረጋሁበትን ማርጊያ ካልጠየቃችሁኝ አልነግራችሁም። (አያችሁ፣ ያኔ እንዲህ ማለት ባውቅ ኖሮ!) በትሪ አፍስሼ አቀዘቀዝኩት፤ በቢላ ስቆራርጠው እንደ ወርቅ አበራ።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። ጓድ ታደሰ ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ስለመሆኑ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ሲናገር ቆይቶ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ጨረሰ። ንግግሩ ረቡዕና ዓርብ ለምን እንደሚረዝም የገባኝ በኋላ ነው። ትሪው ዞረ። ጓድ ታደሰ ሁለት አንሥቶ ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ። እኔም ራሴን አውሮፕላን ላይ ስወጣ አየሁት።

ይኼኔ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ እትዬ ጥሩወርቅ የራሳቸውን እያላመጡ፣ «እጅህ ይባረክ ልጄ! ጭማቂውን በምን አረጋኸው?» አሉኝ።

መለስኩ። በኩራት መለስኩ።

«የበሬ እግር ቀቅዬ፣ ከቆዳውና ከጅማቱ በወጣው ሙጫ!»

ወዲያው «እትፍ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሕዝቡ መሰላችሁ? ጓድ ታደሰ ነው፤ በመሐረቡ። ከዚያ ወዲያ መላው አዳራሽ ተከተለው።

«ጓድም ይጾማሉ እንዴ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ ፊታቸው በርቶ። «እኔ እኮ ነፍስዎ አሳስባኝ ነበር!»

«ጥርሴን አሞኝ ነው» አለ ጓድ ታደሰ። ሳቁ እስከ ገበያው ተሰማ።

ሳይውል ሳያድር ተከሰስኩ፤ «የሕዝቡን ኋላ ቀር የሃይማኖት ስሜት ሆን ብሎ በመቀስቀስ»። ልብ በሉ፣ በዚያ አዳራሽ ከረሜላውን የዋጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ! ወደ ውጭ የሄደው የስፖርት መምህሩ ነው፤ ኬሚስትሪ ሊማር። እኔ ከማንኩሳ ወዲያ በእግር የሚገባበት ትምህርት ቤት ተወረወርኩ። እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል፤ አልዋሽም።

ዓመታት አለፉ፤ ደርግም አለፈ። በቀደም ቡሬ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ነጠላ ያጣፉ፣ መቋሚያ የያዙ ሽማግሌ ጠሩኝ። ጓድ ታደሰ! ልጃቸው ከውጭ የላከላቸውን ከረሜላ ይዘዋል፤ የሚለጠጠውን።

«መምህር፣ ያለፈው አልፏል» አሉኝ። (ለእሳቸው አልፏል።) «ይኼው ዘጠኝ ሰዓት እስኪያልፍ ታግሻለሁ። ዛሬ ዓርብ አይደል? እስቲ ማሸጊያውን አንብብልኝ፤ የጾም ነው ወይስ የፍስክ?»

አነበብኩ። ማርጊያው ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። እሳቸው አንዷን በሁለት ጣት ይዘው አፍ አፌን ያያሉ።

«እንጃ» አልኳቸው። «ኬሚስትሪ የተማረውን ይጠይቁ።»