የመድረሳው ቁልፍና በማዕዘን የተደረገው ምክክር

እኔ ጸሐፊው ኢስታም ዕድሜዬ ሰማንያ አንድ ነው። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ሾርባዬን ራሴ እሠራለሁ፤ የመድረሳው ጉልላት ላይ ወጥቼ አረም እነቅላለሁ፤ ጆሮዬም ደህና ነው። ጽሕፈቴ ጠማማ ነው፤ ያልወደደ አያንብበው።

ስብሰባው በቡኻራ ከተማ፣ የአዲስ ዓመቱ በዓል ናቭሩዝ ሊገባ ሲል ባለው ሐሙስ፣ በመድረሳው መስጊድ ጉልላት ሥር ተደረገ። የመድረሳው ኮሚቴ ሊቀመንበር ቶሽፑላት፣ ምንጣፍ ነጋዴው ሾዲና መምህርት ሙሀባት ተገኝተዋል። ምልዓተ ጉባኤ እንዲሞላ እኔም ተቆጥሬያለሁ፤ ድምፅ ግን የለህም ተብያለሁ።

፩. በበሩ ላይ ስለሚሰቀለው ሰሌዳ። ሊቀመንበሩ መድረሳው ሺህ ዓመቱ ነው ተብሎ እንዲጻፍ አሳሰቡ። ሙሀባት የተሠራበት ዓመት በሩ አናት ላይ በሰማያዊ ሸክላ ተጽፏል፣ ስድስት መቶም አይሞላም አሉ። ሾዲ "ቱሪስት እዚያ ድረስ አንገቱን አያቀናም" አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሺህ እንዲሆን፣ ሸክላውም በሰሌዳው እንዲሸፈን ተወሰነ።

፪. ስለ ቁልፉ። ቁልፉን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ከአባቴ ነው የተረከብኩት። ሊቀመንበሩ "ኢስታም ቦቦ፣ አያታችን፣ አሁንስ ደክመዋል፣ ጆሮዎም አይሰማም፤ ለኮሚቴው ይስጡና ይረፉ" አሉ። ቀጥሎ ከሾዲ ጋር ለመመካከር ወደ ሰሜኑ ማዕዘን ሄዱ። እኔ ማዶ ማዕዘን ተቀምጬ ነበር። ግንበኛው ቅስቱን ያጎበጠው በአንዱ ማዕዘን የተንሾካሾኩት በማዶው እንዲሰማ ነው፤ ድሮ መምህሩ እዚያ ቆሞ ነበር ቁርኣን የሚያስቀራን። እዚህ የቀራ ያውቀዋል። እነሱ አልቀሩም።

ሊቀመንበሩ፦ "ቁልፉን ይስጠን እንጂ የተማሪዎቹን ክፍሎች በምንጣፍ ትሞላቸዋለህ።"

ሾዲ፦ "ኢማሙ የሚቆምበት ሚህራብስ፣ አካ፣ ወንድሜ?"

ሊቀመንበሩ፦ "መስታወት ስቀልበት፤ ደንበኛ ራሱን ይይበት።"

ሾዲ፦ "ሽማግሌውስ?"

ሊቀመንበሩ፦ "ተወው፣ ደንቆሮ ነው። የተባለውን ይጽፋል።"

የተባለውን ጽፌያለሁ። ከዚያ ተመልሰው ድምፅ ተሰጠ፤ ሁለት ለአንድ ሆኖ ቁልፉን እንዳስረክብ ተወሰነ።

፫. ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ተነበበ። ሾዲ ፈጠራ ነው አሉ። ሙሀባት ተነሥተው ሰሜኑ ማዕዘን ሄዱና ወደ ግድግዳው ዞረው ተንሾካሾኩ። እኔም ማዶ ከተቀመጥኩበት "ሾዲ ጫማቸውን አላወለቁም ነው የሚሉት" አልኩ። ሁሉም ወደ ሾዲ እግር አየ። ሊቀመንበሩ "ያንን ገጽ ይሰርዙት፣ ቦቦ" አሉ። መጻፍ እንጂ መሰረዝ አልተማርኩም፣ ነገም ከጁምዓ በኋላ ለሰፈሩ ይነበባል አልኳቸው።

ከአጭር ውይይት በኋላ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ ቁልፉም ባለበት እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ ስብሰባው ተዘጋ፤ ሾዲ ጫማቸውን ሊያወልቁ ወጡ።

ያለብኝ ዕዳ ይህ ነው፦ ለሰሜኑ ግድግዳ የወደቀው ጡብ፤ ለሟች ሚስቴ፣ እንዳይጮኽ አደርገዋለሁ ያልኳት የበሩ ማጠፊያ፤ ለቶሽፑላት ደግሞ ስለ "ደንቆሮ" አንድ መልስ። ማንም እንዳያግዘኝ። የመጨረሻውን ነገ ከማዕዘኔ ሆኜ በሹክሹክታ እከፍላለሁ፤ እሳቸው ማዶ ይቁሙ።