እትዬ ብርቄ የነቀሉት ሳጥን

ኮምፒውተር የሚያበላሸው ቫይረስ ነው ያላችሁ ሰው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ አያውቅም። ኮምፒውተር የሚያበላሹት አክስቶች ናቸው።

ወንድሜ ደረጀ አዳማ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነበር። ባረፈ ማግስት፣ እንደ ወጉ፣ ቴሌቪዥኑም ሬዲዮውም ጠፉ። አክስቴ እትዬ ብርቄ ግን በዚህ አልረኩም። ግቢያችን ጥግ ካለችው ስቱዲዮ እዝዝ የሚል ነገር ሰሙ። ደረጀ የቀረጻቸው ሠርጎች ሁሉ የተቀመጡበት የኮምፒውተር ሳጥን ነው። በሐዘን ቤት ምን ይዘፍናል ብለው ነቀሉት።

በሳምንቱ ከወንጂ አንዲት እናት ሊያስተዛዝኑን መጡ። አልቅሰው፣ ንፍሮ ቀምሰው፣ ሊወጡ ሲሉ ጎተት አሉ። የልጃቸው ሠርግ ቪዲዮ ተርፎ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሌላ ቅጂ የላቸውም። እኔ ደግሞ... አለ አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ!

ሳጥኑን ሰካሁት። እዝዝ አለ፤ ቪዲዮ ግን የለም። ሞጆ ለሚሠራው ለደረጀ ጓደኛ፣ ለቴዲ ደወልኩ። ሳጥኑ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን የሚሉት፣ በእጅ የማይጨበጥ ሌላ ኮምፒውተር አለ፤ ቪዲዮዎቹን የሚያቀብለው እሱ ነው አለኝ።

"እንደ ታክሲ ረዳት ቁጠረው። ሹፌሩ ተነስቷል፤ ረዳቱ ተኝቷል።"

"በምን ልቀስቅሰው?"

"ስክሪኑ ላይ ባለው ጥቁር መስኮት ትእዛዝ ጽፈህ። 'ሰርዝ' የሚለውን ግን እንዳትነካ፤ ሠርጎቹን አብረህ ትቀብራቸዋለህ።"

አንድ ቀብር ይበቃናል አልኩ።

እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ተምሬአለሁ። ጥቁሩ መስኮት ግን ከመምህሮቼ ሁሉ ይብሳል፤ አንዲት ክፍተት ስረሳ አላውቅህም ይላል። የረዳቶቹን ዝርዝር አስጠራሁ። ያለው አንድ ረዳት ነው፤ እሱም ቆሟል። ተነስ ብዬ ጻፍኩ። ሜሞሪ አልበቃኝም አለ... እንደ ሥራ ፈላጊ ገና ሳይጀምር ይደራደራል! ቴዲ እያስጻፈኝ የሚጠይቀውን ሜሞሪ ሳጥኑ ባለው ልክ ቀነስኩበት። እንደገና ተነስ አልኩት።

ጥቁሩ መስኮት እየሠራ ነው አለኝ።

በደስታ የወንጂዋን ሙሽራ ሠርግ ከፈትኩ። ስፒከሩ ደረጀ እንደተወው ነው፤ እስከ ጥግ። ከበሮው፣ እልልታው፣ ጭብጨባው ግቢውን ሞላው። ለቀስተኛው ሁሉ ዞረ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን እየጎተቱ ደረሱብኝ። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከካሜራው ጀርባ የደረጀ ድምፅ ተሰማ፤

"ሳቅ በሉ እንጂ! ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁትኮ።"

እትዬ ብርቄ መቃኑን ይዘው ቀሩ። እኔ ድምፁን ልቀንስ እጄን ሰደድኩ።

"ተው" አሉኝ። "ጨምረው።"

"ጥግ ደርሷል እኮ፣ እትዬ። ከዚህ በላይ የለውም።"

ነጠላቸውን ሰብስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

"እንግዲያው ከመጀመሪያው መልሰው።"