ሳይነኩ የሚተውት ሰው

(ነብራስካ ውስጥ፣ የበቆሎ እርሻ የከበባት ትንሽ ከተማ። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ምግብ ቤት፤ ዓርብ ከሰዓት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የቨርነን ፎቶግራፍ በስፖርት አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የዛሬ አርባ አንድ ዓመት የትምህርት ቤቱን የአሜሪካ ፉትቦል (ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ጨዋታ) ቡድን ለዋንጫ ያበቃ «ባለ ንስር ዓይን» ተብሎ። ቨርነን ይህችን ቀን ሲጠብቅ ፀጉሩ አልቋል። መድረክ ላይ ወጥቶ የሚያስተዋውቀው የያኔው የቡድን ጓደኛው ሚሎ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ኬቻፕና ሰናፍጭ ተገትረዋል።)

ሚሎ፦ ሰናፍጩን አልሆንም አልኩህ!

ቨርነን፦ አንተ ሰው፣ ምን ቸገረህ? ለምሳሌ እኮ ነው።

ሚሎ፦ ለምሳሌ ከሆነ አንተ ለምን ኬቻፑን ያዝክ?

ቨርነን፦ ኳሷን የምይዘው እኔ ስለነበርኩ ነዋ!

ሚሎ፦ እሱስ ልክ ነው። ይዘህ ቀረህ እንጂ።

ቨርነን፦ (ትዕግሥቱን ከጣሪያው ላይ እየፈለገ) ስማኝ ሚሎ። «ጎበዝ ሯጭ ነበር» ብለህ ብቻ ከወረድክ አለቀልኝ። ሯጭማ ሞልቷል። እኔ አይቼ የምወስን ነበርኩ! ይግባህ እንጂ። እየው፣ ጨው የተጋጣሚያችን ዳር ጠባቂ ነው። ሌሎቹን በሙሉ የኛ ልጆች እየገፉ ያስወግዷቸዋል። እሱን ግን ማንም አይነካውም።

ሚሎ፦ ግዙፍ ስለሆነ?

ቨርነን፦ ሆን ብለን!

ሚሎ፦ እንዴ፣ መጥቶ ይደፋሃላ!

ቨርነን፦ አይደፋኝም፣ እያየሁታ! መሃሉ ክፍት ከሆነ ኳሷን የኛን ልጅ ቁንዶ በርበሬን አስታቅፈዋለሁ፣ ሰንጥቆ ይገባል። ከተዘጋ ግን ይዤ ወደ ዳር እሮጣለሁ። አንተ ሰናፍጩ ደግሞ በጎኔ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብለህ ትሮጣለህ። ጨው ብቻውን ነው፤ እኛ ሁለት። ወደ እኔ ከመጣ ላንተ እወረውራለሁ። ወደ አንተ ከሄደ እኔው ይዤ እገባለሁ። የቱንም ቢመርጥ ተሳስቷል!

ሚሎ፦ ምስኪን።

ቨርነን፦ ማን?

ሚሎ፦ ጨው።

ቨርነን፦ እሱን ተወው! ቁም ነገሩ ምርጫውን ማንበቡ ላይ ነው። ከትከሻው፣ ከእግሩ አጣጣል፣ ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ ብቻ! ይሄን ነው የምትነግራቸው።

ሚሎ፦ ለእኔ ስንቴ ወረወርክልኝ?

ቨርነን፦ አሁን ይሄን ምን አመጣው?

ሚሎ፦ ሰናፍጩ ነው የጠየቀህ።

ቨርነን፦ አንዴ። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ። ጣልካት።

ሚሎ፦ ከዚያ በኋላስ?

ቨርነን፦ ከዚያ በኋላማ ዳር ጠባቂው ሁልጊዜ ወደ አንተ ነዋ የሚሄደው! ዘጠኝ ጨዋታ ሙሉ! ምን ላድርግ ታዲያ? አንተ ግን አይገባህም፤ እንደራበው ጥጃ «ወርውርልኝ! ወርውርልኝ!» እያልክ ሜዳውን ታናውጠዋለህ። እንዳንተ ያለ ስግብግብ አይቼ አላውቅም። ይቅር ብዬሃለሁ፣ ግድ የለም።

ሚሎ፦ ስግብግብ ሆኜ አይደለም። ፈርቼ ነው።

ቨርነን፦ ምኑን?

ሚሎ፦ ኳሷን። ከጣልኳት በኋላ አባቴ ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። ዳግመኛ እጄ እንዳትገባ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ሻማ ሁሉ አብርቻለሁ።

ቨርነን፦ (እየሳቀ) እንዳትገባ ነው «ወርውርልኝ» እያልክ የምትጮኸው?

ሚሎ፦ አዎ። ዳር ጠባቂው ይሰማላ።

(የቨርነን ሳቅ መሃል ላይ ቆመ።)

ሚሎ፦ «ለዚህኛው ሊወረውርለት ነው» ይልና እኔን ይከተላል። እሱ እኔን ከተከተለ አንተ አትወረውርም። ተገላገልን። እስከ ገና ድረስ ድምፄ አልተመለሰም።

(ቨርነን ኬቻፑን አየው። የዚያ መኸር የሣር ሽታ አፍንጫው ላይ መጣበት፤ በሮጠ ቁጥር ፊቱ እንደ በረት በር ወለል ብሎ የሚከፈተው ሜዳ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በዓይኑ የከፈተው ይመስለው ነበር። ለሚስቱ ነግሯታል። ለልጆቹ ነግሯል። ለጥርስ ሐኪሙ ሳይቀር።)

ቨርነን፦ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልክ?

ሚሎ፦ መቼ ጠይቀኸኝ? ሁልጊዜ የምታስረዳው አንተ ነህ።

(ከመንገዱ ማዶ ድምፅ ማጉያው የቨርነንን ስም ጠራ። ጭብጨባ ተሰማ።)

ቨርነን፦ ሚሎ፣ ወንድሜ… አሁን ምን ልትላቸው ነው?

ሚሎ፦ የነገርከኝን ነዋ። «ቨርነን የንስር ዓይን ነበረው።»

ቨርነን፦ ውሸት ሆነ እኮ!

ሚሎ፦ (ኮቱን እየለበሰ) ምን ውሸት አለው? ዳር ጠባቂው መሄዱንማ አይተሃል። ማን እንደወሰደው ነው ያላየኸው።